ድመት ማንሳትና ማስመከን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰፈር ውስጥ "ድመት የሚያነሳው ሰውዬ" ተብሎ መታወቅ ጣጣ አለው። ስልኬ አያርፍም። "በራችን ላይ ሦስት ግልገል ተጥሏል፣ ምን ላድርግ?" "ድመቴ ሌሊቱን ሙሉ ስትጮህ አደረች፣ ታማ ይሆን?" ጥያቄዎቹ ይመላለሳሉ። መልሱን አንድ ቦታ ባስቀምጠው ለእኔም ለጠያቂውም ይቀላል ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። ሐኪም አይደለሁም። ለዓመታት ድመት ሳነሳ፣ ሳስመክን፣ ስሳሳትም የኖርኩ ሰው ነኝ።

ያገኘኋት ድመት የተጣለች ናት ወይስ ባለቤት አላት?

ለመፍረድ አትቸኩሉ። ድመት ወጥታ ዞራ የምትገባ እንስሳ ናት። አንዷ ቤት ቁርሷን፣ ሌላዋ ቤት ራቷን በልታ የምታድር ብልጥም አለች። ጸጉሯ የሚያብረቀርቅ፣ ሰው ስታይ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ የምትመጣ ከሆነ ቤት ያላት ልትሆን ትችላለች። ከወረቀት ላላ ያለ የአንገት ማሰሪያ ሥሩላትና "ይህች ድመት የእርስዎ ናት?" ብላችሁ ከስልክ ቁጥራችሁ ጋር ጻፉበት። ወረቀት ስለሆነ የሆነ ነገር ቢይዘው ተቀዶ ይለቃታል። ጎረቤት ጠይቁ። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ከወሰዳችኋት ደግሞ ከቆዳዋ ሥር ባለቤቷ የሚታወቅበት ማይክሮቺፕ እንዳላት በመሣሪያ ማየት ይቻላል። ቺፑ የሩዝ ፍሬ ቢያክል ነው።

የተጣለችው ሌላ ነው ሁኔታዋ። አንድ ቦታ ላይ ሙጭጭ ትላለች። ሰው ባለፈ ቁጥር ትጮሃለች፣ ግን አትጠጋም። ራሷን መላስ ትተዋለችና ጸጉሯ ይንጨባረራል። ይህን ስታዩ ብዙ አትመራመሩ፣ እርዷት።

ሰው ባየች ቁጥር የምትሮጠዋስ?

እሷ ወይ ሰው አውቃ እምነቷን ያጣች ናት፣ ወይ ደግሞ ከነጭራሹ የሰው እጅ ነክቷት የማያውቅ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግልገል ሰውን የሚላመድበት ዋናው ጊዜ ከተወለደ ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ድረስ ነው። ያ ጊዜ ያለ ሰው ካለፈ፣ ድመቷ ሰውን የምታየው ልክ እንደሚበላት አውሬ ነው። እንዲህ ዓይነቷን ጎትቶ ሳሎን ማስገባት ለእሷ እስር ቤት ነው። የሚጠቅማት ተይዛ፣ መክና፣ ተከትባ፣ ወደምታውቀው ቦታ ተመልሳ ምግብ ማግኘት ነው።

የፈራችው የቤት ድመት ግን ትመለሳለች። ምግብ አስቀምጣችሁ ጀርባችሁን ስጧት። ዓይን ዓይኗን አትዩ። ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፣ ወርም ሊፈጅ ይችላል።

ግልገሎች ብቻቸውን አገኘሁ። ላንሳቸው?

መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ። ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። አንድ ጊዜ አራት ግልገል ከካርቶን ክምር ሥር አግኝቼ እንደ ጀግና በጃኬቴ ጠቅልዬ ቤት ወሰድኳቸው። በማግስቱ እዚያው ሳልፍ አንዲት ጡቷ ያበጠ ድመት ካርቶኖቹን እየቆፈረች ትጮሃለች። እናትየዋ ምግብ ፍለጋ ወጥታ ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም። ልጆቿን መለስኩላት። አንዱ ግን በዚያች ሌሊት ሞቶብኝ ነበር።

ስለዚህ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ። እናት እናንተ እያላችሁ አትመጣም። ግልገሎቹ ንጹሕ፣ ሆዳቸው ሞላ ያለ፣ ጸጥ ብለው ተቆላልፈው የተኙ ከሆነ እናት አለች። መቆም ካልቻላችሁ ዙሪያቸውን ትንሽ ዱቄት ነስንሱና ከሰዓታት በኋላ ተመለሱ፤ የእግሯ ዱካ ይነግራችኋል። አንድ ግልገል ብቻውን ካገኛችሁም እናት ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ አንጠልጥላ እያዘዋወረች ሊሆን ይችላል።

ቆሻሻ ከሆኑ፣ ከቀዘቀዙ፣ ጉንዳን ከወረራቸው፣ ያለማቋረጥ ከጮሁ ግን መጠበቅ የለም፣ አንሱ። ጎርፍ ወይም መኪና የሚያሰጋቸው ከሆነም እዚያው አጠገብ ወዳለ ደረቅ ጥግ አዛውሯቸው። "ሰው ከነካቸው እናት ትተዋቸዋለች" የሚባለው በድመት ብዙም አይሠራም።

ከሁሉ የሚሻለው እናትና ልጆችን አንድ ላይ ማንሳት ነው። የእናትን ያህል የሚያሳድግ የለም። ልጆቹ ጡት ሲተዉ እሷን ታስመክናላችሁ። ይህን ከረሳችሁ ግን ከወራት በኋላ ያው ካርቶን ሥር ሌላ አራት ይጠብቃችኋል።

እናት የሌላቸውን ምን ላብላቸው?

ከምግቡ በፊት ሙቀት። ገና የተወለደ ግልገል የሰውነቱን ሙቀት ራሱ መጠበቅ አይችልም። የቀዘቀዘ ግልገል ደግሞ ምግብ አይፈጭለትም፤ በብርድ ላይ ያጠጣችሁት ወተት ይገድለዋል። ሙቅ ውኃ የያዘ ላስቲክ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አንድ ጥግ አስቀምጡለት። ሲሞቀው የሚሸሽበት ቦታም ይኑረው። ሰውነቱ ሞቅ ሲል ያን ጊዜ ወደ ምግብ።

የላም ወተት አይሆንም። ተቅማጥ ያስይዛል፣ በዚያ ዕድሜ ተቅማጥ በቀን ውስጥ ሊገድል ይችላል። ለድመት ግልገል ተብሎ የሚዘጋጅ የዱቄት ወተት አለ፣ እሱን ፈልጉ። ስታጠቡት በሆዱ አስተኙት። እንደ ሰው ልጅ በጀርባው አስተኝታችሁ ካጠባችሁት ወተቱ ወደ ሳንባው ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየ2 እና 3 ሰዓቱ ነው፣ ሌሊቱን ጨምሮ። እንቅልፍን ተሰናበቱ። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ በሞቀ ውኃ በተነከረ ጥጥ ታችኛውን ክፍል ቀስ እያላችሁ ጥረጉት፤ እናቱ በምላሷ የምትሠራው ሥራ ነው። ያለዚያ መሽናትም መጸዳዳትም አይችልም።

የኩሽና ሚዛን ካላችሁ በየቀኑ መዝኑት። ሲወለድ 100 ግራም ገደማ ነው፤ በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም መጨመር አለበት። መጨመሩን ካቆመ ወደ ሐኪም። ዓይኑ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይገለጣል፣ ዕድሜውን በዚህ ትገምታላችሁ። በ4ኛው ሳምንት አካባቢ የላመ ምግብ ይጀምራል።

ለተራበች ትልቅ ድመትስ?

ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። የከረመ ረሃብ ላይ ሳህን ሙሉ አታቅርቡ። ንጹሕ ውኃ ይበቃታል፤ ወተት ለአብዛኞቹ ትልልቅ ድመቶችም ሆዳቸውን ያውካል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ያለበት ምግብ ይመርዛታል። ካመማት ደግሞ ከራሳችሁ መድኃኒት አታካፍሏት። አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል። ለውሻ ቁንጫ የተሠሩ አንዳንድ መድኃኒቶችም እንዲሁ፤ በተለይ ፐርሜትሪን ያለባቸው።

አልያዝ ያለችውን እንዴት ልያዛት?

በባዶ እጅ አይደለም። የድመት ጥርስ እንደ መርፌ ቀጭን ነው፣ ጀርሙን ወደ ውስጥ አስገብቶ ቀዳዳው ላዩ ላይ ይዘጋል። እጄ አብጦ ቆቤን እንኳ ማንሳት ያቃተኝ ጊዜ ነበር።

ምግቡ ላይ ስትቆም በሩ ከኋላዋ የሚዘጋ ሳጥን ወጥመድ አለ። ለጥቂት ቀናት በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ አብሏት። ከዚያ ወጥመዱን ሳትደግኑት ምግቡን ውስጡ አስቀምጡ። ስትለምደው ትደግናላችሁ። ጠንከር ያለ ሽታ ያለው ዓሣ ይሠራል። ከተያዘች ወዲያው ሳጥኑን በጨርቅ ሸፍኑት፤ ጨለማ ሲሆን ትረጋጋለች። ወጥመድ ደግናችሁ አትሂዱ።

ቤት ውስጥ ሌላ ድመት አለኝ። አዲሷን ላስገባት?

ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በተለየ ክፍል። ይህ ለይሉኝታ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ፓንሉኮፔኒያ የሚባል ቫይረስ አለ፤ ግልገሎችን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጨርሳል፣ ወለልና ጨርቅ ላይ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ተራ ሳሙና አይገድለውም፣ በረኪና ግን ይገድለዋል። ቁንጫና የሆድ ትላትልም አብረው ይመጣሉ። ሐኪሙ የድመት ኤድስ እየተባለ ለሚጠራው ቫይረስና ለድመት ሉኪሚያ ደሟን ሊመረምር ይችላል። ሁለቱም ወደ ሰው አይተላለፉም።

ማምከን ማምከን የምትሉት ለምንድን ነው? ማብላቱ አይበቃም?

አይበቃም። እንዲያውም ያለ ማምከን ማብላት ብቻውን ነገሩን ያብሰዋል።

ሴት ድመት በ4 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች። ገና ልጅ እኮ ናት! እርግዝናው ከ63 እስከ 65 ቀን ነው። ወልዳ እያጠባች እያለች እንደገና ማርገዝ ትችላለች። እንቁላሏ የሚለቀቀው ከወንድ ጋር ስትገናኝ በመሆኑ አንድ ቀን "ስታ" የማለፍ ዕድሏ ትንሽ ነው። በአንድ እርግዝና የተወለዱት ልጆችም የተለያየ አባት ሊኖራቸው ይችላል። "አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር ሆነ" ብላችሁ አትገረሙ።

ሌሊቱን ሙሉ የጮኸችው ድመትም አልታመመችም። ወንድ ፈልጋ ነው። መሬት ላይ ትንከባለላለች፣ ደረቷን ዝቅ፣ ኋላዋን ከፍ ታደርጋለች። ሳምንት ያህል ይቆያል። ካላረገዘች ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ይመለስባታል።

አሁን ወደሚያመኝ ቁጥር ልምጣ። በ2004 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሰው እየቀለባቸው ደጅ የሚኖሩ ድመቶች የወለዷቸውን 169 ግልገሎች ተከታትሎ ነበር። 127ቱ 6 ወር ሳይሞላቸው ሞተዋል ወይም ጠፍተዋል። ከአራት ሦስቱ ማለት ነው። እነዚህ የሚቀለቡት ናቸው። ማምከን ማለት እነዚያ ሦስቱ ለመሞት ብቻ እንዳይወለዱ ማድረግ ነው።

አንዲት ድመት በ7 ዓመት 420,000 ትሆናለች የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። ማንም ግልገል እንደማይሞት አድርጎ የተሰላ ነው። ለጥሩ ዓላማ ቢሆንም የተጋነነ ቁጥር አልወድም፤ እውነተኛው ራሱ ያስደነግጣል። በደቡብ አፍሪካ ሥር ወዳለችው ማሪዮን ደሴት በ1949 አይጥ እንዲይዙ 5 ድመቶች ተወሰዱ። በ1977 ወደ 3,400 ደርሰው ነበር። ከአምስት! የባሕር ወፎችን እየፈጁ ስላስቸገሩ የመጨረሻዋ ድመት እስክትወገድ 1991 ድረስ ወሰደ።

አንድ ጊዜ ትውለድና ከዚያ ላስመክናት?

ምንም ጥቅም የለውም። ጉዳት ግን አለው። ሴት ድመት 6 ወር ሳይሞላት ከመከነች በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ በ91 በመቶ እንደሚቀንስ በ2005 የወጣ ጥናት አሳይቷል። የድመት የጡት ዕጢ ደግሞ አብዛኛው አደገኛ የሚባለው ነው። ያልመከነች ድመት ማህፀኗ መግል ሊይዝና በቀናት ውስጥ ሊገድላት ይችላል፤ ማህፀኑ ከወጣ ይህ አይኖርም። "ልጆቿን የሚወስድ ሰው አለኝ" የሚል ሰው በብዛት አጋጥሞኛል። ልጆቹ ሲወለዱ ሰውየው ስልክ አያነሳም።

በስንት ወሯ ነው ታዲያ?

5 ወር ሳይሞላት። ጤነኛ ከሆነችና ክብደቷ 1 ኪሎ ካለፈ ከዚያ ቀደም ብለው የሚሠሩ ሐኪሞችም አሉ።

ወንዱ ስለማይወልድ ይቅርበት?

ወንዱ አይወልድም፤ ግን ስንት ያስወልዳል? አንድ ያልተኮላሸ ወንድ የሰፈሩን ሴቶች ሁሉ ያዳርሳል። ሽታ ተከትሎ ሩቅ ይሄዳል፣ መኪና ይገጨዋል፣ ይጣላል፣ በንክሻው ያ የድመት ኤድስ የተባለው ይተላለፋል። ግድግዳ ላይ የሚረጨው ሽንቱ ሽታም ቀላል አይደለም። ሲኮላሽ መርጨቱንም ጠቡንም አብዛኛው ወንድ ይተዋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለተወሰኑ ሳምንታት ማስረገዝ ይችል ይሆናልና ካልመከነች ሴት ለዩት።

ተፈጥሮን መጋፋት አይሆንም?

ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ክፉ አይደሉም፣ ስለሚያዝኑላት ነው። እኔ የምለው ይህ ነው። ድመት "እናት ሳልሆን ቀረሁ" ብላ አትቆዝምም። የሚገፋት ሆርሞን ነው፤ ሆርሞኑ ሲቀር ጭንቀቱም አብሮ ይቀራል። ተፈጥሮ ስንል ደግሞ ከአራት ሦስቱ የሚሞቱበትን መንገድ ማለታችን መሆኑን አንርሳ።

ከመከነች በኋላ ትሰንፋለች? ትወፍራለች? አይጥ መያዝ ትተዋለች?

ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል የለ? አደኑን አትተውም። አይጥ ማደን ከመውለድ ጋር አይገናኝም። ውፍረቱ ግን እውነት አለው። ከማምከን በኋላ ሰውነቷ የሚያስፈልገው ጉልበት ይቀንሳል፣ የምግብ ፍላጎቷ ግን ይጨምራል። ሳህኑን ቀንሱ፣ አጫውቷት።

ቀዶ ሕክምናው ምን ይመስላል?

ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቷት ተኝታ ነው። ለሴቷ እንቁላል ማፍሪያዋ፣ ብዙ ጊዜ ማህፀኗም ይወጣል። ለወንዱ የዘር ፍሬዎቹ ይወጣሉ፣ ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። ከዚያ በፊት ምግብ የምትከለከልበትን ሰዓት ሐኪሙ ይነግራችኋል። ትንሽ ግልገል እንደ ትልቅ ድመት ለረጅም ሰዓት መጾም የለበትም፣ ስኳሩ ይወርዳል።

ቤት ስትመለስ እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች። ሞቅ ባለ፣ ዝቅ ባለ ቦታ አስቀምጧት። ከ10 እስከ 14 ቀን መዝለልና ቁስሏን መላስ የለባትም። አንገቷ ላይ የሚደረገውን ኮን ትጠላዋለች፤ አዝናችሁ አታውልቁላት። እኔ አንዴ አውልቄ ስፌቱን በጥርሷ ፈታችው፣ ሌሊት ሐኪም ፍለጋ ስባዝን አደርኩ። ቁስሉ ካበጠ፣ ከሸተተ ወይም በማግስቱም ካልበላች ወደ ሐኪም መልሷት።

ኪኒን ወይም መርፌ አይሻልም?

የሰው የእርግዝና መከላከያ የሚሰጧት አሉ። እባካችሁ ተዉ። የሆርሞን መድኃኒቶች በድመት ላይ የጡት ዕጢና የማህፀን መግል ያመጣሉ። ተስፋ የሚሰጥ ነገር ግን አለ። በ2023 በወጣ ጥናት፣ በሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ 6 ሴት ድመቶች አንድ ጊዜ ብቻ የዘረ መል መርፌ ተወግተው ለሁለት ዓመት ሲከታተሏቸው አንዷም አላረገዘችም። ያ መርፌ እጃችን እስኪገባ ቀዶ ሕክምናው ነው ያለን።

አርግዛለች። አለፈ ማለት ነው?

ላያልፍ ይችላል። በእርግዝና ላይም ማምከን ይቻላል፤ ጽንሱ ግን ይቋረጣል። ውሳኔው የእናንተና የሐኪሙ ነው። ከወለደች ልጆቹ ጡት እንደተዉ አስመክኗት፣ ቀን አትቁጠሩ።

የደጅ ድመቶች ጆሯቸው ጫፉ ተቆርጦ አያለሁ። ማን ነው የሚጨክንባቸው?

ማንም። የመከኑ መሆናቸውን የሚያሳይ ምልክት ነው። ብዙ ጊዜ በግራ ጆሮ ነው። በማደንዘዣ ተኝተው ሳለ ጫፉ ቀጥ ብሎ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆረጣል። ምልክቱ ባይኖር አንዷን ድመት ደግሞ ደጋግሞ መያዝና ሆዷን መክፈት ይመጣል። ከሩቅ አይታችሁ "ይቺ ተሠርታለች" ትላላችሁ፣ ሌላዋን ትይዛላችሁ።

ይዞ፣ አምክኖ፣ መመለስ በእውነት ይሠራል?

ከተሠራበት ይሠራል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ኒውበሪፖርት በምትባል ከተማ የወንዝ ዳር ላይ በ1992 ወደ 300 ድመቶች ነበሩ። በጎ ፈቃደኞች መያዝ ጀመሩ። ሰው የለመዱትን ለቤት ሰጡ፣ ሌሎቹን አምክነው መለሱና ቀለቧቸው። የመጨረሻዋ የወንዝ ዳር ድመት በ2009 ሞተች። 17 ዓመት መሆኑን ልብ በሉ። ከአሥር ድመት ሦስቱን አምክኖ ማቆም ምንም አይለውጥም፤ የቀሩት ሰባቱ ቦታውን ይሞሉታል። እኔ አንድ ግቢ ከጀመርኩ ያንን ሳልጨርስ ወደ ሌላው አልሄድም።

ሰብስቦ ሩቅ ቦታ መጣልስ?

የተጣሉት ወደ ቤታቸው ለመመለስ ሲሞክሩ መንገድ ላይ ያልቃሉ። ምግቡና መጠለያው ግን እዚያው አለና ሌሎች ድመቶች መጥተው ይወርሱታል። ደሴት ካልሆነ በቀር ቦታ ባዶ ሆኖ አይቆይም።

ከድመት በሽታ አይዘኝም?

ዋናው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስሙ የውሻ ቢሆንም ድመትም ትይዘዋለች፣ ታስተላልፋለችም። ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል።

ነፍሰ ጡር ሴቶች "ድመቷን ላስወጣት?" ይሉኛል። አያስፈልግም። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሕዋስ በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል፤ ግን ከወጣ በኋላ ለመበከል ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። የምትጸዳዳበትን አሸዋ ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳ። በደንብ ያልበሰለ ሥጋና ያልታጠበ አትክልትም ያው አደጋ አላቸው፣ እነሱን ማንም አይጠረጥርም እንጂ። ጭርት ከግልገል ሊጋባ ይችላል፤ ያሳክካል፣ በመድኃኒት ይድናል።

ያነሳሁትን ለሰው ስሰጥ ምን ልጠንቀቅ?

ከመስጠታችሁ በፊት አስመክኑ። "እኔ ራሴ አስመክናታለሁ" የሚል ቃል ብዙ ጊዜ ተቀብያለሁ፤ አንዳንዶቹ ጠብቀውታል። ወንድምና እህት ግልገል አንድ ላይ ስትሰጡ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ድመት ዝምድና አይቆጥርም። ከ8 ሳምንት በታች ያለውን ከእናቱ አትለዩ። ለስጦታ ብሎ ድመት ለሚፈልግ ሰው እኔ አልሰጥም።

የራሴን ድመት ማቆየት አልቻልኩም። የት ልተዋት?

የትም አትተዋት። "ድመት ናት፣ ራሷን ታኖራለች" የሚለው ሰበብ ነው፤ ከሳህን ስትበላ ያደገች ድመት አደን ብትችልም መኪናውን፣ ውሻውን፣ የሌላ ድመት ግዛትን አታውቅም። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ሐኪሙ የሚያውቀው ሰው እያላችሁ ፈልጉ፤ ሳምንታት እንደሚፈጅ ቆጥራችሁ ቀድማችሁ ጀምሩ። የክትባት ወረቀቷን፣ የምትበላውን፣ የምትፈራውን ጽፋችሁ ስጡ። የምትተኛበትን ጨርቅም ሳታጥቡት አብራችሁ ላኩት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አልጋ ሥር ተደብቃ ስትውል የምታውቀው ሽታ ያ ብቻ ነው።